ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ለጊታር አንገት ይሆናል? የአዳማው ግቢ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ አሮጌ እንጨት የሚሸጥበት ግቢ አለ። ታፔላ የለውም። የበር፣ የመስኮት፣ የሞራሌና የቆርቆሮ ክምር ከአጥር በላይ ብቅ ብሎ ካያችሁ እሱ ነው። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ ለኤሌክትሪክ ጊታር አንገት የሚሆን እንጨት። አገኘሁ፣ ተደስቻለሁም። ግን ወደ አርባ የሚጠጋ እንጨት አገላብጬ ለአንገት የሚሆነው አንዱ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ገብታችሁ የመጀመሪያውን አንስታችሁ እንዳትወጡ።

ለምን አሮጌ? የጊታር አንገት በብዛት የሚሠራባቸውን የውጭ እንጨቶች፣ ሜፕልንና ማሆጋኒን፣ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ከእኛ እንጨቶች ዋንዛ ደስ ይለኛል፤ ቀለል ይላል፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አያስቸግርም። ግን በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ ዋንዛ ሲሆን ግን ዛፉ ከተቆረጠ ዘመን አልፎታል፣ ከዚያ በኋላ ማገዶ ከሚሆን ሙዚቃ ቢሆን ይሻላል።

ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የመጀመሪያ ቀን አንድ የበር መቃን አውጥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ስንት ዓመት ጣራ ስር የቆመ ነው፣ ከዚህ በላይ የት ይደርቃል?» አሉኝ። ግማሹ እውነት ነው። ቤት ውስጥ የቆየ እንጨት ደርቋል። ግን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ክረምቱን ሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ ከከረመ ውሃውን መልሶ ጠጥቷል ማለት ነው። በእጅ ነክቶ አይታወቅም። እኔ የማደርገው መመዘን ነው። ወደ ቤት ወስጄ ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያን ጊዜ ደርቋል እላለሁ። የገዛሁት መቃን መጀመሪያ 2.26 ኪሎ ነበር፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ 2.2 ላይ ቆመ።

ሚዛኑ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። መቃኑ 85 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ስፋት፣ 5 ውፍረት ነበረው። አባዙት፣ 4,250 ሳንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል። 2.2 ኪሎውን ለዚያ ስታካፍሉ በሜትር ኩብ 520 ኪሎ ገደማ ነው። ማሆጋኒ ከ550 እስከ 600 አካባቢ ነው፣ ጠንካራው ሜፕል ደግሞ 700 ገደማ። ስለዚህ የእኔ ከማሆጋኒ ትንሽ ቀለል ይላል። ለአንገት ይሆናል፣ ግን እንዳይጎብጥ ውስጡ የሚቀበር የብረት ዘንግ ከሌለው አላምነውም። ክሮቹ ተወጥረው ሲቆሙ በአንድነት ወደ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፣ ያውም በቀጭኖቹ ክሮች። ይህን ቀንና ሌሊት የሚሸከመው አንገቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ግን ለእንጨቱ መስመር ነው። እንጨት ሲያድግ የሚሰራው መስመር ከአንገቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ወደ ጎን ወጥቶ የሚጠፋ ከሆነ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ቀለም የተቀባ መቃን ላይ ይሄ አይታይም። ጋሼን ላድንቃቸው የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ጎኑን በመላጊያ ትንሽ ልላገው?» አልኳቸው። ሌላ ቦታ ብጠይቅ ሂድልኝ የምባልበት ጥያቄ ነው። እሳቸው መላጊያውን ራሳቸው አምጥተው ሰጡኝ። ሁለቱን ጎን ላግኩ፣ ጫፉን በመጋዝ ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩ፣ ከዚያች ቁራጭ ላይ በመሮ ሰነጠቅኩ። የተሰነጠቀው እንጨት ቀጥ ብሎ ከሄደ መስመሩ ቀጥ ነው። ጠምዝዞ ከሄደ ተዉት። ሦስት የሚያማምሩ ጣውላዎች በዚህች ፈተና ወደቁ። ሁለቱን ጋሼ ዋንዛ ብለውኝ ነበር፤ ስላግ ባህር ዛፍ ሆነው ተገኙ። ቀላ ያለ እንጨት ሁሉ በእሳቸው አፍ ዋንዛ ነው፣ ይሄን ልብ በሉ። ባህር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ግን መስመሩ ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ ዝግባ ነው ተብዬ ገዝቼ፣ አንገቱን ቀርጬ ከጨረስኩ በኋላ እንደ ቀስት የጎበጠብኝ እሱው ባህር ዛፍ ነበር። የሁለት ወር ሥራ።

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። የፈረሰ ቤት እንጨት ውስጥ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር ይቀራል፣ መላጊያ ላይ ሲደርስ ስለቱን ያበላሻል። ሚስማሩ ወጥቶ እንኳ ዙሪያው ጠቁሮ ከሆነ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር ተዋህዷል። ጥቁረቱ መልኩን ያበላሻል፣ ቀዳዳው ደግሞ አንገቱ መሃል ላይ እንዳይውል አስቀድማችሁ አስሉ። ጥቃቅን ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ እንጨቱን መሬት ላይ መታ መታ አድርጉት። ነጭ ዱቄት ከወጣ ነፍሳቱ አሁንም እየበሉት ነው። ቤት አታስገቡት። የጋሼ ግቢ ትልቁ ድክመት ይሄ ነው፣ እንጨቱ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚከመረው። ከሥር ያለውን ምስጥ በልቶታል። ሁለት ረድፍ ብሎኬት ቢደረደርበት ግማሹ ክምር ይተርፍ ነበር፣ ነግሬያቸዋለሁ።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ። ውሃ እያስነካችሁ ፍቁት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።

ቤት ስደርስ የመጨረሻውን ፈተና አደረግኩ። ከመቃኑ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ውፍረት ያለው ጣውላ አወጣሁ። 70 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ወንበሮች ላይ አጋድሜው መሃሉ ላይ ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠለጠልኩ። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ጎበጠ። አድሮ ጠዋት ሳወርደው ቀጥ ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ልቤ ያረፈው። ከዚያው ግቢ የወሰድኩት አንድ የጥድ ቁራጭ በዚሁ ፈተና ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም፣ መስመሩም ያዘነበለ ነበር።

ጣውላውን በቁመቱ ሦስት ቦታ ሰንጥቄ፣ መሃለኛውን ገልብጬ በኮላ መልሼ አጣበቅኩት። አንዱ ሊጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። በመጋዝ ከጠፋው በኋላም ከሰውነቱ ጋር ለሚገናኝበት 56 ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ስፋት ቀርቶልኛል። ራሱን፣ ማለትም የክር መወጠሪያዎቹ ያሉበትን ጫፍ፣ ወደ ኋላ አላዘነበልኩትም። ጊታር ሠሪው ጊብሰን ከ14 እስከ 17 ዲግሪ ያዘነብለዋል፣ ግን ከአንድ ወጥ እንጨት እንደዚያ ሲቀረጽ መስመሩ አንገቱና ራሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይቆረጣል፣ ጊታሩ ሲወድቅ የሚሰበረውም እዚያው ነው። ለቀላል ዋንዛ እንደ ሌላው ጊታር ሠሪ እንደ ፌንደር ቀጥ ያለ ራስ ይሻላል። ፍሬቶቹ፣ ማለትም ድምፁን የሚለዩት ቀጫጭን ብረቶች፣ የሚቀመጡበትን ፊት ከወይራ ሠራሁት፣ እናቶቻችን ጋን ከሚያጥኑበት ወይራ። እሱንም ጋሼ ጋ ነው ያገኘሁት፣ የአጥር ቋሚ የነበረ ነው። እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ መላጊያውን ሦስቴ አስልቻለሁ።

ዋጋው መቃኑ 700 ብር፣ ወይራው 150። ተከራከሩ፣ ጋሼ አይቆጡም። ደረሰኝ የለም። ለአንገት የማይሆነውም ለጊታር ሰውነት ወይም ለክራር ይሆናል፣ ስለዚህ ባዶ እጅ የምትመለሱ አይመስለኝም። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ፀሐዩ ግቢው ላይ ይወርዳል፣ መስመር ለማየት ዓይን አይችልም። ከመቃኑ ጥንድ ሌላኛው አሁንም በሩ አጠገብ ቆሟል። አንድ ጫፉ ላይ የቡጢ የሚያህል ጉጥ አለው፣ ከጉጡ በታች ግን 74 ሳንቲ ሜትር ንጹህ እንጨት ለክቻለሁ።