ቆዳ የሚመስል የፎቶ ፍሬም ከወረቀት፦ የአንድ የእጅ ሥራ ኪት ግምገማ

ወረቀት በፍሬም ላይ ለጥፎ ቆዳ ማስመሰል ይቻላል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቡኒ የተቀባ ካርቶን ነው። እኔም ይህን ኪት ስከፍት የጠበቅኩት ከዚያ እምብዛም የተለየ አልነበረም። በውስጡ ባለ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ የሚይዙ ሁለት ያልተቀቡ የኤም ዲ ኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረትና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ፍሬሞች፣ ቡኒ ካኪ ወረቀት፣ ነጭ ኮላ፣ ፈዘዝ ያለና ጠቆር ያለ ቡኒ ቀለም፣ ሰም፣ አነስተኛ ጠርሙስ ቫርኒሽና ብሩሽ አሉ። ሁለቱንም ፍሬሞች ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ያለኝ አስተያየት፣ ወረቀቱ እጅግ ጥሩ ሲሆን መመሪያው ግን እንዳለ ሊታመን አይገባም የሚል ነው።

ወረቀቱ ካልነጣ የእንጨት ጭረት የሚሠራው፣ ክራፍት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ክራፍት በጀርመንኛ ጥንካሬ ማለት ሲሆን ስሙም ይገባዋል። በእጄ ጨምድጄ፣ ዘርግቼ፣ እንደገና ጨምድጄ አምስት ስድስት ጊዜ ሳሸው ሳይቀደድ እንደ ጨርቅ ለሰለሰ፤ በላዩም በየአቅጣጫው የሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች ወጡበት። እነዚህ መስመሮች ናቸው በኋላ የቆዳውን ገጽታ የሚሰጡት፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ መቸኮል አይገባም። ወረቀቱን በመቀስ መቁረጥም አይመከርም፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ከቀለሙ ሥር ቀጥ ብሎ ይታያል፣ በእጅ የተቀደደው ግን ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ ከጎኑ ካለው ቁራጭ ጋር ይዋሃዳል። መመሪያው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሶ ማለፉ አሳዝኖኛል፤ የሥራው ግማሽ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

አለጣጠፉ ቀላል ነው፤ ኮላው ከቁራጩ በታችም በላይም ይቀባል፣ አየር እንዳይቋጠር ከመሐል ወደ ዳር በጣት ይዳመጣል። ሁለት ነገሮች ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ኤም ዲ ኤፍ በተቆረጠ ጠርዙ በኩል ውኃ ስለሚመጥና ስለሚያብጥ፣ ጠርዙን አስቀድሞ በስሱ ኮላ ቀብቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መስታወቱ በሚቀመጥበት እርከን ውስጥ ወረቀት መደራረብ አይገባም። እኔ ሁለት ድርብ ለጥፌበት መስታወቱ አልገባ ስላለኝ፣ የደረቀውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግኩ ለማውጣት ተገድጃለሁ።

ቀለሙ የኪቱ ሁለተኛ ብርታት ነው። ጠቆር ያለውን ቀብቼ ጥቂት ሰከንዶች ከቆየሁ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ከፍ ካለው ቦታ ተነሥቶ በሽብሽቡ ውስጥ ብቻ ቀረ። ፈዘዝ ያለውን በደረቅ ስፖንጅ ከላይ ከላዩ ሳስነካው ደግሞ ማዕዘኖቹ ብዙ እጅ እንደነካው የአሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ሆኑ። በተለይ ወረቀቱ ታጥፎ የተደረበበት አንዱ ማዕዘን፣ ቆዳ ሲታጠፍ የሚያወጣውን ዓይነት እጥፋት ስላወጣ፣ ጠጋ ብዬ እያየሁት እንኳ ወረቀት መሆኑን ለመለየት ይከብደኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፍሬሜ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። መመሪያው ሰሙን ቀቡ፣ በዚያው ዕለት ቫርኒሹን ደርቡበት ይላል። ቫርኒሹ በውኃ የሚቀጥን ስለሆነ ሰሙ ላይ ሲያርፍ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተሰበሰበ፤ በማግሥቱም በጥፍሬ ስነካው እንደ ስስ ላስቲክ ተላጠ። ሰም ውኃን እንደሚገፋ እየታወቀ እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል መጻፉ ከባድ ስሕተት ነው፤ ጀማሪ የሆነ ሰው ጥፋቱን የራሱ እንደሆነ አድርጎ ሥራውን ሊተወው ይችላል። በሁለተኛው ፍሬም ወረቀቱን 24 ሰዓት አደረቅኩት፣ ከቀለሙ በኋላ ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ በስሱ ቀባሁ፣ ሰሙን የመጨረሻ አድርጌ በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩት። ውጤቱ ሳይብለጨለጭ ሞቅ ያለ ወዝ ያለው ገጽ ሆነ።

የቫርኒሹ መጠን ማነስም ሊታረም የሚገባው ነው። ዲኮፓዥ፣ ማለትም ወረቀት በዕቃ ላይ ለጥፎ የማስዋብ ጥበብ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በቬኒስ ሲስፋፋ ባለሙያዎቹ የታተመ ሥዕል ቆርጠው በዕቃ ላይ ይለጥፉና የሩቅ ምሥራቁን ውድ የላከር (የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ቅብ) ሥራ እስኪመስል ድረስ ቫርኒሽ ይደራርቡበት ነበር። ወረቀቱን ሌላ ነገር የሚያስመስለውም ከጉዳት የሚጠብቀውም ይኸው ድርብርብ ነው፤ በኪቱ ያለው ጠርሙስ ግን ከአንድ ፍሬም አላለፈም።

ወረቀቱና ቀለሙ ብቻ ኪቱን ለመግዛት በቂ ምክንያት ናቸው፤ የሚገዛው ሰው ተጨማሪ ቫርኒሽ ይያዝ፣ ቅደም ተከተሉንም ከላይ እንደገለጽኩት ያድርግ። ፎቶውን ለማስገባትም ባይቸኩል ይሻላል። ፍሬሙ ከውጭ የደረቀ ቢመስልም እርጥበት ሊቀርበት ይችላል፤ እርጥበት ያገኘው ፎቶ ደግሞ ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ሳይቀደድ አይላቀቅም። እኔ ሦስት ቀን ጠብቄ፣ በመስታወቱና በፎቶው መካከል የካርቶን ክፈፍ አድርጌ ነው የዘጋሁት።