ፊደል የማያውቀው የሙዚቃ ማጫወቻዬ

ድምፁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባትሪው ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከእጄ አምልጦ መሬት ወድቋል፣ ምንም አልሆነም። ይህን ቶሎ ብዬ ልለፈው፤ ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው። ይህ ማጫወቻ አማርኛ አያነብም።

የገዛሁት መስከረም ላይ ነው፣ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ስልክ አይደለም። ሙዚቃ ብቻ የሚያጫውት፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ አለው። ጥራቱ ያልተቀነሰ የፍላክ ፋይል ያጫውታል። ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ስልክ ይበልጣል። ሻጩ ያሳየኝ በራሱ ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ የፈረንጅ ዘፈን ብቻ ነው ያለው። «አማርኛ ያነባል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሁሉንም ያነባል» አለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የራሴን ካርድ ከተትኩበት። ስክሪኑ ላይ የመጣው የባዶ ሳጥን ሰልፍ ነው። አራት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ሦስት ሳጥን። ይሄ ጥላሁን ገሠሠ ነው። ከታች ደግሞ አራት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ሦስት ሳጥን። ይሄኛው ሙሉቀን መለሰ ነው። ፊደል ቁጠሩ፣ እኩል ናቸው። ሁለቱን ድምፃውያን ለመለየት ከፍቶ ማዳመጥ ግድ ሆነ ማለት ነው።

«ስልክህ አለ አይደል፣ ምን አስቸገረህ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ስልኬ ላይ ዘፈኑ መሃል ሲደርስ ይደወላል። ካርድ ማስገቢያም የለውም። የእኔ ስብስብ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። የአባቴ ካሴቶች አሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባኋቸው። ሲዲዎች አሉ። ከዚያ በየሙዚቃ ቤቱ ሚሞሪ ላይ ያስጫንኳቸው የዓመታት ዘፈኖች አሉ። እነሱ የባሱ ናቸው። «ትራክ 01» ይላል። ዘፋኙ የሚለው ቦታ ላይ የጫነው ቤት ስልክ ቁጥር ተጽፏል። እነዚህን ስም በስም ለማስተካከል ብዙ ምሽት ሠርቻለሁ። ያን ሁሉ ሠርቼ ነው እንግዲህ ሳጥን የማየው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የፋይሎቹ ነው ተባልኩ። አይደለም፤ መለየት ቀላል ነው። የጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ከታየ፣ ጽሑፉ የተቀመጠበት መንገድ ተበላሽቷል። ተመሳሳይ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የሚያሳየው ዕቃ ፊደሉ የለውም። ቢሆንም አጣራሁ። ኤምፒስሪታግ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዘፈኖቹን መረጃ ከፈትኩ። ይህ መረጃ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍበት የጥንቱ ዓይነት፣ ለአንድ ርዕስ 30 ባይት ብቻ የሚሰጠው፣ ለኛ ጽሑፍ የሚሆን አይደለም። እሱን አጥፍቼ ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠውን የኮምፒውተር መስፈርት፣ በሚቀበለው በአዲሱ ዓይነት ጻፍኩት። ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። የስልኬ ስክሪን ላይም ይነበባል። ማጫወቻው ላይ ሳጥን።

ሻጩ ጋ ብመለስ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት።» እሺ፣ ጥላሁንን እንዴት ልጻፈው? አንዱ «አይ» ያስገባበታል፣ ሌላው ይዘለዋል። ገሠሠ ላይ አንዱ «ኤስ» ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም። ማሽን ደግሞ አይገምትም። አንድ ሰው ሦስት ዘፋኝ ሆኖ ይደረደራል። በአማርኛም «ሠ» እና «ሰ» እንደሚያስቸግሩ አውቃለሁ፤ በዩኒኮድ ቅደም ተከተል መካከላቸው «ረ» ስለገባ ተራርቀው ነው የሚደረደሩት። ለዚህ ግን መፍትሔ አለኝ። የካሴቱ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው እጽፋለሁ፣ አለቀ።

«ዋናው ድምፁ ነው፣ ስሙን ማን ያያል?» ይለኛል ቀጥሎ። እኔ አያለሁ! ብዙ ዘፈን ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ስሙ ካልታየ ስብስብ የለህም፣ ክምር ነው ያለህ። የዘፋኙን፣ የአቀናባሪውን፣ የአልበሙን ስም በትክክል መጻፍ ለእኔ ለሠሩት ሰዎች የሚሰጥ ክብር ነው።

«ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ቦታ ይይዛል» የሚልም አይጠፋም። ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። የማጫወቻው የቋንቋ ምርጫ ውስጥ ቻይንኛ አለ። ዩኒኮድ ውስጥ ያለው ዋናው የቻይንኛ ክፍል ብቻውን ከ20 ሺህ በላይ ምልክት ይይዛል። የኛ መሠረታዊ ክፍል ከ300 ትንሽ ቢያልፍ ነው። የገባውም ትናንት አይደለም፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ጋር። ቅርጸ ፊደሉም በነፃ አለ። አቢሲኒካን ማንም ያወርዳል፣ የጉግል ኖቶም በነፃ ነው። ለ20 ሺህ ቦታ ያገኘ ዕቃ ለ300 ቦታ አጣ?

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ዘፋኝ በስሙ ይታየኝ ነበር። አሊ ቢራ። የእሱ አልበሞች በቁቤ ስለተጻፉ፣ ቁቤ ደግሞ የላቲን ፊደል ስለሆነ፣ ከሳጥኖቹ መሃል ስሙ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ አዳማ ነበር። ያ ሰሞን ከተማው እንዴት እንደሆነ የነበርን እናውቃለን። ስሙን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሌሎቹም እንደዚያ በወጉ ስማቸው እንዲታይ ነው የምፈልገው፤ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ ጉራግኛው።

ለአምራቹ ጻፍኩ። በትህትና መለሱልኝ፣ ሐሳቡን ለባለሙያዎቻቸው እንዳስተላለፉት ነገሩኝ። ጥር ላይ ማሻሻያ መጣ። እየተቻኮልኩ ጫንኩት። ብሉቱዙን አስተካክለዋል። ሳጥኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሽፋኑ የታየኝ። ማጫወቻው የአልበሙን ሽፋን ያሳያል፣ ሽፋን ደግሞ ሥዕል ነው። ሥዕል ፊደል አይጠይቅም። የአባቴን ካሴቶች ነጠላ ላይ አስቀምጬ፣ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ሰዓት ፎቶ አነሳሁ። ካሴት ለሌላቸው አልበሞች ባዶ ሥዕል ላይ የዘፋኙንና የአልበሙን ስም በወፍራም ፊደል ጻፍኩ። መጠኑ 500 በ500 ፒክስል ይበቃል። ጄፔጉ፣ ማለትም የሥዕሉ ፋይል፣ «ቤዝላይን» የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። «ፕሮግረሲቭ» ከሆነ ይህ ማጫወቻ ጥቁር ያሳያል፣ ይህን ያወቅኩት ብዙ ከደከምኩ በኋላ ነው። አሁን ዘፈን ስከፍት ከታች ሳጥን ቢደረደርም ከላይ ስሙ በአማርኛ ጉልህ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ሲወጣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «የአባባ ካሴት!» አለች።

ዝርዝሩ ግን በሥዕል አይሆንም። ስለዚህ ማጫወቻው ላይ አልበሞቹን በቁጥር ሰየምኳቸው፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ደብተር ላይ አሰፈርኩ። ቁጥር፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት፣ ከየት እንደመጣ። ዘፋኙ ያልታወቀ ሲገጥመኝ ለታላቅ እህቴ እደውልና በስልክ አሰማታለሁ። ግጥሙ ሳይጀመር፣ በመግቢያው ብቻ፣ ማን እንደሆነ ትነግረኛለች። አንዳንዴም ካሴቱ የወጣ ጊዜ ማን እንዳመጣው ትጨምርልኛለች። እሱንም እጽፋለሁ። ከሦስት ሙዚቃ ቤት የተጫነ አንድ ዘፈን ሦስት ቦታ መቀመጡንም በዚሁ ደብተር ነው ያወቅኩት። የተሻለውን ትቼ ሌላውን አጠፋሁ።

ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በረንዳ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ የማደምጠው ድምፅ ግን... እሱን ላማው አልችልም። ከካሴት የቀዳኋቸው ላይ ሳክስፎኑ ከቤዙ ተለይቶ ይሰማኛል። ስልኬ ላይ እንደዚህ ሰምቼው አላውቅም። ሽጥልኝ ያለኝ የሰፈር ልጅ አለ። አልሸጥም።

ሁለተኛ የዚህን አምራች ዕቃ ግን ፊደሌን እስኪያስገቡ ድረስ አልገዛም። እናንተም ተመሳሳይ ዕቃ ልትገዙ ከሆነ፣ በአማርኛ የተሰየመ ዘፈን ያለበት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ብሩ ከኪሳችሁ ሳይወጣ አስገቡት። ሻጩ «ሁሉንም ያነባል» ካላችሁ «እሺ፣ ይሄን አንብብልኝ» በሉት።