ጊዛ ወይስ ሉክሶር፦ የጥንቷን ግብጽ ለማየት የትኛው ይመረጣል?

ካይሮ ደርሶ ጥቂት ቀናት ብቻ ያሉት መንገደኛ በጊዛ ይወሰን ወይስ ወደ ደቡብ ወደ ሉክሶር ይሻገር?

ወጪና ድካም፦ ጊዛ ከካይሮ በታክሲ የሚደረስበት ስለሆነ ርካሹና ቀላሉ ምርጫ ነው። ሉክሶር 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የአውሮፕላን ወይም የባቡር ትኬትና የማደሪያ ወጪ ይጠይቃል።

የሚታየው፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ የተሠራው የጊዛው የንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ መጀመሪያ 146 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ግዝፈቱ ቢያስደንቅም፣ በጠባቡ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ሰው በንጉሡ ክፍል የሚያገኘው ክዳን የሌለው የግራናይት ሣጥንና ምንም ያልተጻፈበት ግድግዳ ነው። በሉክሶር ነገሩ ይገለበጣል፤ የነገሥታት ሸለቆ መቃብሮች ከውጭ ሲታዩ ተራ የዓለት ቀዳዳ ቢመስሉም፣ በብዙዎቹ ውስጥ ከ3,000 ዓመት በኋላ እንኳ ቀለሙ ያልደበዘዘ ሥዕልና ጽሑፍ ከወለል እስከ ጣሪያ ተሥሏል። የካርናክ ቤተ መቅደስ 134 ዓምዶች ያሉት አዳራሽ ብቻውን ግማሽ ቀን ይገባዋል።

ሙዚየም፦ እዚህ ላይ ጊዛ ይበልጣል። የጥንቱ ፈርዖን (የግብጽ ንጉሥ) ቱታንኻሙን ራሱ እስካሁን በሉክሶር መቃብሩ ቢያርፍም፣ በ1922 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሀብቱ በፒራሚዶቹ አቅራቢያ ባለው ታላቁ የግብጽ ሙዚየም ይታያል።

ሥጋት፦ በጊዛ የግመል አከራዮች ጭቅጭቅ፣ በሉክሶር ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው የሰኔና የሐምሌ ሙቀት።

ሕፃናት ለያዘ ወይም ጊዜው ለጠበበ ጊዛ ይበቃል፤ የግብጻውያንን እምነትና ጽሑፍ በቅርበት ማየት ለሚሻ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ለሚጓዝ፣ ሉክሶር ወጪውን ይክሳል።