በደጃፌ ከደረሰው ግጭት በኋላ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በጅማ የአዲስ አበባ መውጫ በኩል ካለው ቤቴ ፊት ለፊት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስና ጀንፈል ቡና የጫነ አይሱዙ ተጋጩ። ድምፁ አንድ ሙሉ የቆርቆሮ አጥር በአንድ ጊዜ ሲወድቅ የሚሰማውን ይመስል ነበር። ስወጣ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰው ጀንፈል ከመስታወት ስባሪ ጋር ተቀላቅሎ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ የሰፈሩ ሰው ቁስለኞችን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲያመላልስ፣ የአይሱዙው ረዳት የደማ እጁን በነጠላ ጠቅልሎ የቀሩትን ጆንያዎች ይቆጥር ነበር። የሞተ ሰው አለመኖሩን ያረጋገጥነው ከቀትር በኋላ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለጉዳይ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ፤ ሌላ ትኬት በማጣቴም በዚያው ድርጅት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አገልግሎቱ በብዙ ነገሩ የሚያስመሰግን ነው። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከተባለ አምስት ደቂቃ እንኳ አይዛነፍም፤ ሻንጣ ሲረከቡ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ወንበሩም ሰፊ ነው። ቁርስ ተብላ የምትታደለዋ ደረቅ ኬክ ግን ብትቀር ማንም አይከፋም።

እኔን የከፋኝ የቀበቶው ነገር ነው። በወንበሩ ጎን እጄን ሰድጄ ስዳስስ ማሰሪያው አዲስ የወንበር ልብስ ተሰፍቶበት፣ ብረቱ ከጨርቁ ሥር እንደ እባጭ ጎልቶ አገኘሁት። ረዳቱን ብጠይቀው “ጋሼ፣ የሚያስረው ሰው የለም፤ ልብሱን ብቻ ነው የሚያበላሸው” አለኝ። በዚያ ማለዳ በደጃፌ ካየኋቸው ቁስለኞች አብዛኞቹ አፍንጫቸውና ግንባራቸው የተጎዳው ከፊታቸው ካለው ወንበር ጀርባ ጋር ተላትመው ነበር።

ሾፌሩ እስከ አሰንዳቦ ድረስ ረጋ ብሎ ነዳ። የጊቤን ቁልቁለት ስንጀምር ግን አንድ ተሳቢ መኪና መጠምዘዣ ላይ ደርቦ አለፈ፤ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባውም ፍሬኑን ብቻ እየረገጠ ወረደ። ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ደግሞ በግጭት ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ አንድ ሾፌር ያለ ተተኪ መንዳቱም የድርጅቱ ጥፋት እንጂ የእርሱ አይመስለኝም።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት “ባቡር ቢደርሰን ከዚህ ሁሉ በዳንን” አሉኝ። ሐዲድ ጅማ ቢገባ ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁት ባቡሩ መጠምዘዣ ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጥቶ መሆኑን ሳስታውሳቸው፣ “እንግዲያስ ነገሩ ከነጂው ነው” ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ለሰዓት አክባሪነቱና ለንጽሕናው ከአምስት አራት እሰጠው ነበር፤ ስለ ቀበቶውና ስለ ጊቤው አነዳድ ሁለት አስቀርቻለሁ። ስመለስ በዚያው ድርጅት ሌላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ቀበቶው ካልወጣልኝ እንደምወርድ ስናገር ረዳቱ እያጉረመረመ ስፌቱን በምላጭ ተረተረልኝ። ከኋላዬ የነበሩት እናትም ወዲያው “ለእኔም ተርትርልኝ፣ ልጄ” አሉት።