ነጩ ትሩፍል ወይስ ጥቁሩ?

ትሩፍል ከዛፍ ሥር፣ አፈር ውስጥ ተደብቆ የሚያድግ እንጉዳይ ነው። ፍለጋውን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ የጣሊያኗ አልባ አለች፤ የፈረንሳዩ ፔሪጎርም አለ።

አልባ የነጩ አገር ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ፈላጊው ውሻውን አስከትሎ ጫካ ይገባል። ውሻው መጫር ሲጀምር ሰውየው ቶሎ ይደርስና ትሩፍሉን በትንሽ መቆፈሪያ ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። ይህ የጣሊያኖች ዕውቀት በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነጩ እሳት አይወድም። ጥሬውን በስሱ እየተላገ ትኩስ ፓስታ ላይ ይበተናል፤ ያኔ ሽታው ገበታውን ያውደዋል።

የፔሪጎሩ ጥቁር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይወጣል። ብዙው የሚገኘው ለዚሁ ከተተከሉ ዛፎች ሥር ነው። ለስለስ ያለ ሙቀት ስለሚችል ኦምሌት ውስጥም ይገባል። ዋጋውም ከነጩ ይቀላል።

ምርጫው የኔ ከሆነ አልባ እሄዳለሁ፣ ለዚያ ሽታ ስል። ኪሱን ለሚያስብ ግን ፔሪጎር ይሻላል።