«ሙሉ ዕቃ» ተብሎ የሚሸጥ የቤት ቢራ መጥመቂያ ለምትገዙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ

በቤቱ ቢራ ለመጥመቅ አስቦ ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ወገኔ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ለሚኖረው፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት 480 ዶላር ከፍዬ የገዛሁት «ሙሉ ዕቃ» ከግማሽ በላይ የማይሠራ፣ ከውስጡም አንዱ ጨርሶ ለሽያጭ መቅረብ ያልነበረበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ሻጩን በስም አልጠራም፤ የምፈልገው ሌላው ሰው ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ምን ምን ማየት እንደሚገባው ማሳወቅ ነው።

ማስታወቂያው ከድራፍት በርሜል የተሠራ ማፍያ ጋን፣ ሁለት የፕላስቲክ ማብላያ ባልዲዎች፣ ባለ 5 ጋሎን ሁለት ትንንሽ በርሜሎች፣ የጋዝ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው፣ እንዲሁም ሆፕስ (ለቢራ እንደ ጌሾ የሚገባው አበባ) እና እርሾ በአንድ ዋጋ እንደሚሸጡ ይገልጻል። ሻጩ የአገሬ ልጅ ነበረ። ቡና አፍልቶ ተቀበለኝ፣ እናቱ ትጠምቀው ስለነበረው ጠላ አጫወተኝ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሡ መመርመርን ነውር አድርጌ ቆጠርሁት። ስሕተቴ ይህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሲሊንደሩ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከገንዘብ አልፎ ሕይወትን የሚነካው እርሱ ነው። ለቢራው አረፋ የሚሰጠውና ከበርሜሉ ገፍቶ ወደ ብርጭቆ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ በአሜሪካ እንዲህ ያለው ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በውኃ ግፊት እየተፈተነ የተፈተነበት ወርና ዓመት በትከሻው ላይ ይቀረጽበታል። የእኔ ሲሊንደር ትከሻው በወፍራም ቀለም ተቀብቶ ነበር። ቤቴ አምጥቼ ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቀው «3» እና «11» የሚሉ ቁጥሮች ብቅ አሉ፤ የመጨረሻው ፍተሻ የተደረገው ማርች 2011 እ.ኤ.አ. ነበር ማለት ነው። ጋዝ የሚሞሉት ሰዎችም ቁጥሩን እንዳዩ ያለ አዲስ ፍተሻ አንሞላም አሉኝ፤ ልክ ናቸው።

ሻጩ በበኩሉ ከ800 በላይ የሚያመለክተውን የግፊት መለኪያውን (የጌጁን) መርፌ እያሳየ «ሙሉ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህን አባባል ማንም እንዳይቀበል አደራ እላለሁ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ በክፍሉ ሙቀት እንጂ በጋዙ ብዛት አይወሰንም፤ ስለዚህ መርፌው ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆንም ከግማሽ በታች ሲወርድም አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እውነቱን የሚናገረው ሚዛን ብቻ ነው። ባዶ ክብደቱ ቲ ደብልዩ ከሚሉት ፊደላት አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። መቆጣጠሪያውን ፈትቼ፣ አገር ቤት ስሄድ ሻንጣ በምመዝንበት ሚዛን ላይ ሲሊንደሩን ብሰቅለው 9.6 ፓውንድ ሆነ፤ የተቀረጸው ባዶ ክብደት 7.6 ነው። 5 ፓውንድ ጋዝ አለበት ተብሎ የተሸጠልኝ ሲሊንደር 2 ፓውንድ ብቻ ነበረበት። በዚህ ላይ መጋጠሚያውን በሳሙና ውኃ ስቀባው አረፋው እየተነፋ ወጣ። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያፈስስ አየሩን እየተካ ሰው ሊያፍን ይችላል። ብዙዎቻችን በምድር ቤት ተከራይተን፣ ከአልጋችን ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ዕቃ የምናስቀምጥ ሰዎች ነንና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለ 5 ጋሎኖቹ በርሜሎች ቀድሞ ለለስላሳ መጠጥ ያገለግሉ የነበሩ ናቸው፤ ይህ በራሱ ነውር የለውም፣ ጠማቂዎች ሁሉ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ነገር ግን ሁለት ዓይነት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። አንደኛው ፔፕሲ ይጠቀምበት የነበረው ሲሆን የቱቦው ራስ ልሙጥ አንገቱ ላይ ተጭኖ ይቆለፋል፤ ሁለተኛው የኮካ ኮላ የነበረው ሲሆን በአንገቱ ዙሪያ ትንንሽ ጥርሶች አሉት፣ በጋዝ መግቢያው 2፣ በቢራ መውጫው 3። የአንዱ ቱቦ ለሌላው አይሆንም። የተሸጡልኝ በርሜሎች ባለ ጥርስ፣ ቱቦዎቹ ግን የሌላው ዓይነት ነበሩ። እነዚህ ዕቃዎች አንድም ቀን አብረው እንዳልሠሩ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የክዳኑ ጎማም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጎማው ርካሽ ነው፣ ሆኖም ሻጩ «ትናንት ጠምቄበታለሁ» ብሎኝ ስለነበር ከጎማው ይልቅ ያሳዘነኝ ቃሉ ነው።

ማፍያ ጋኑ ደግሞ ባለ 15.5 ጋሎን የድራፍት በርሜል አናቱ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ጎኑን ብታዩት የአንድ ቢራ ፋብሪካ ስምና ንብረትነቱ የፋብሪካው መሆኑ በጉልህ ታትሞበታል። አንድ ሰው ድራፍት ሲገዛ የሚያስይዘው ገንዘብ በርሜሉን ለመመለሱ መያዣ እንጂ የበርሜሉ ዋጋ አይደለም፤ መያዣውን ትቶ በርሜሉን ያስቀረ ሰው የራሱ ያልሆነውን ይዟል፣ ከእርሱ የገዛም እንዲሁ። ከፋብሪካው ወይም ከሕጋዊ ሻጭ መገዛቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አትንኩት።

በባልዲዎቹ የመጀመሪያዬን ቢራ ጠንስሼ ነበር። በ10ኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የሆምጣጤ ሽታ ወጣ፤ 5 ጋሎን ሙሉ ደፋሁ። ውስጡን በጥፍሬ ብዳብሰው ጥፍሬ በየቦታው ይያዝ ነበር፤ በሽቦ ተፈትጎ ተጭሯል። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ያለ ነገር አይደለም፤ ፕላስቲክ ግን አንዴ ከተጫረ በኋላ በየጭረቱ የተደበቀውን ተሕዋስ የሚያጸዳ እጥበት የለም፣ ወይራም አይታጠንም። አዲስ ባልዲ ጥቂት ዶላር ነው፤ ያገለገለ ባልዲ በነጻም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ሆፕሱ ባልታሸገ ከረጢት ውስጥ የከረመ፣ የቆየ አይብ አይብ የሚሸት ነበር፤ የእርሾውም ቀን አልፏል።

ሻጩ በመጨረሻ «ለሠርግና ለማኅበር እየሸጥህ ወጪህን ትመልሳለህ» ብሎኛል። ይህንንም አትስሙ። በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ በቤት መጥመቅን የፈቀደው ለራስና ለቤተሰብ መጠጫ ነው፤ መጠኑም አንድ አዋቂ ባለበት ቤት በዓመት 100፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት 200 ጋሎን ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ክልላዊ ደንቦችም ስላሉ የምትኖሩበትን አካባቢ ሕግ ተመልከቱ።

ገንዘቤን እንዲመልስልኝ በትሕትና ጠይቄው «አይተህ ገዛህ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። ጀማሪ የሆነ ሰው አዲስ ማብላያ፣ ማሸጊያና መለኪያ ያለበትን የመጀመሪያ ዕቃ ከ200 ዶላር በታች ያገኛል፤ ቢራውንም በጠርሙስ አድርጎ ሊጀምር ይችላል፣ በርሜልና ጋዝ ቆይቶ የሚመጣ ነው። ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነ ዕቃውን በየነጠላው ዋጋ አስነግራችሁ ግዙ፤ በርሜሉም ፊታችሁ ጋዝ ይሞላ፣ በሳሙና ውኃም ይፈተን።

ሰውዬው ከሰሞኑ ተመሳሳይ «ሙሉ ዕቃ» በ520 ዶላር ለገበያ አቅርቧል። በሁሉም ፎቶ ላይ ሲሊንደሩ ቁጥር የተቀረጸበትን ትከሻውን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የቆመው። እንዲያዞረውና ቀለሙን ፍቆ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።