«ካሊብሬሽኑ አብሮት ነው» ተብሎ የሚሸጠውን የፊልም ስካነር ጥቅል ተጠንቀቁ

የድሮ ስላይድ (ቀለሙ እንዳለ የሚታይ ፊልም) እና ኔጌቲቭ (ቀለሙ የተገለበጠ ፊልም) ቤታችሁ ስካን ለማድረግ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በየማስታወቂያው አንድ ጥቅል እየዞረ ነው፦ ትንሽ ስክሪን ያለው የፊልም ስካነር፣ በክፈፍ የገባ ባለብዙ ቀለም ስላይድ፣ «የቀለም ፕሮፋይል» የተጫነበት ፍላሽ፣ እና «ካሊብሬሽኑ (ቀለምን በትክክል እንዲያነብ መስተካከሉ) የተረጋገጠ» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ያው ስካነር ያለ ሦስቱ ጭማሪዎች ለብቻው በጣም ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱን የምትከፍሉት ለስላይዱ፣ ለፍላሹና ለወረቀቱ ነው ማለት ነው። ሦስቱም ደግሞ በዚህ ስካነር ላይ ምንም አይፈይዱም።

ስካነሩን ራሱን አልረግምም። በካርቶን የታጨቀ ስላይድ ውስጥ የትኛው ምን እንደሆነ ለመለየትና ለዘመድ በስልክ ለመላክ ይበቃል። ጠቤ «ትክክለኛ ቀለም» ተብሎ ሂሳቡ ላይ ከተጨመረው ነገር ጋር ነው።

ካሊብሬሽን የሚባለው ሥራ እንዲህ ነው። ቀለማቸው አስቀድሞ በመለኪያ መሣሪያ የተለካ ናሙናዎችን የያዘ ስላይድ ስካን ይደረጋል፤ ይህን ስላይድ ሥራውን የሚያውቁት ታርጌት ይሉታል። ለፊልም የተለመደው አይቲ8.7/1 ነው። በ12 ረድፍና በ22 አምድ የተደረደሩ 264 የቀለም ናሙናዎች፣ ከግርጌው ደግሞ ከነጭ እስከ ጥቁር በ24 ደረጃ የሚወርድ ግራጫ አለው። ሶፍትዌሩ ስካነሩ ያነበበውን ቁጥር ከተለካው ቁጥር ጋር ያስተያይና ልዩነቱን የሚያርም ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። አይሲሲ ፕሮፋይል የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የምታስገቡት ስላይድ ሁሉ በዚያ ሠንጠረዥ ይታረማል።

ግን ይህ የሚሆነው ስካነሩ ታርጌቱን ባነበበበት አኳኋን ሌላውንም ስላይድ ካነበበ ብቻ ነው። የመብራቱ ኃይል፣ ኤክስፖዠሩ (የሚገባው የብርሃን መጠን)፣ ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) ንቅንቅ ማለት የለባቸውም። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ሲከፈት አንድ ትንሽ ዲጂታል ካሜራና ከፊልሙ ጀርባ የሚበራ ኤልኢዲ ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም ኤክስፖዠሩንና የቀለም ሚዛኑን በራሱ ይወስናል። ሜኑውን ከላይ እስከ ታች ብትፈትሹት ይህን የሚያጠፋ ምርጫ የለም፤ ያለው «ብሩህነት ጨምር፣ ቀንስ» እና «ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ» የሚሉ ማስተካከያዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም አውቶማቲኩ ከወሰነ በኋላ የሚደመሩ። ስለዚህ ታርጌቱን የለካችሁበት ሜትር ቀጣዩ ስላይድ ላይ ሲደርስ ተለጥጦ ሌላ ሜትር ሆኗል። የፀሐይ መግቢያ ፎቶ አስገቡበትና እዩ፦ ብርቱካናማውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ደን ስታስገቡ አረንጓዴው ይደበዝዛል። ፕሮፋይሉ በዚያ ላይ ሲጫን ያልነበረ ስህተት ያርማል፣ ማለትም አዲስ ስህተት ይጨምራል።

ሻጩ «የእኛ ሞዴል ይህ ችግር የለበትም» ቢላችሁ አትከራከሩት፤ ፈትሹት። ታርጌቱን ወይም የተለያየ ቀለም ያለውን ማንኛውንም ስላይድ ስካን አድርጉ። ቀጥሎ የዚያኑ ስላይድ ግማሽ ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ወረቀት ሸፍናችሁ እንደገና ስካን አድርጉ። ሁለቱን ፋይሎች በማንኛውም የፎቶ ሶፍትዌር ክፈቱና ያልተሸፈነው ግማሽ ላይ አንድ ቦታ መርጣችሁ የቀለም ቁጥሩን አንብቡ። ኤክስፖዠሩ የተቆለፈ ስካነር ከሆነ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ በሌንሱ ውስጥ ከሚበተን ብርሃን የተነሳ ጥቂት ልዩነት ቢኖር አይደንቅም። አውቶማቲክ ከሆነ ግን ስካነሩ ጥቁሩን አይቶ «ጨልሟል» ብሎ ስለሚያስብ የቀረውን ግማሽ ያፈካዋል። እኔ እጅ የገባው ላይ መካከለኛው ግራጫ ወደ ነጭ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን ፈተና ያላለፈ ስካነር የዓለም ምርጥ ታርጌት ቢገዛለትም ካሊብሬት አይደረግም። ሌላውን ሁሉ ባታነቡ ይህቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ስላይዱ እንምጣ። እውነተኛ ታርጌት ብቻውን አይመጣም። አብሮት የእያንዳንዱ ናሙና የተለካ የቀለም ዋጋ የተጻፈበት የጽሑፍ ፋይል መኖር አለበት፤ ታርጌቱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥርም መግጠም አለባቸው። ውድ የሆኑት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይለካሉ፣ ርካሾቹ ደግሞ በአንድ ዙር ከተመረቱት ጥቂቱ ተለክቶ አማካዩ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሁለቱም ያገለግላሉ። በዚህ ጥቅል ውስጥ ግን ስላይዱ ላይ ቁጥር የለም፣ ፍላሹም ውስጥ የተለካ ዋጋ የያዘ ፋይል የለም። ያለው «ተዘጋጅቶ ያለቀ» የሚሉት ፕሮፋይል ነው። የእኔን ስከፍተው በውስጡ የተጻፈው መግለጫ ኤስአርጂቢ ይላል። ኤስአርጂቢ በየኮምፒውተሩ በነፃ ያለ፣ ስካነርን የማይመለከት የተለመደ የቀለም ክልል ነው። የፋይሉን ስም ቀይረው ሸጡልኝ ማለት ነው።

ሌላው ጉድ ስላይዱ የተሠራበት ነገር ነው። በማጉያ መነጽር ብታዩት ቀለሞቹ ከጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው፤ በኢንክጄት ፕሪንተር ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ታትሟል። «ዓይን አንድ ካየ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ስካነር እንደ ዓይን አለማየቱ ነው። ለዓይናችን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀይ ቀለሞች፣ አንዱ ከፕሪንተር ቀለም ሌላው ከፊልም ማቅለሚያ ሲሠሩ፣ ብርሃኑን የሚያሳልፉበት መንገድ ይለያያል፤ ስካነሩም የተለያየ ቁጥር ይሰጣቸዋል። በዚህ ምክንያት ታርጌት ስካን በሚደረገው የፊልም ዓይነት ላይ የተሠራ መሆን አለበት። ኮዳክሮም የሚባለው የስላይድ ፊልም ያላችሁ ይህን በደንብ ልብ በሉ፦ ማቅለሚያው ከሌሎቹ የስላይድ ፊልሞች፣ ከኤክታክሮምና ከፉጂክሮም፣ ስለሚለይ በኤክታክሮም ታርጌት በተሠራ ፕሮፋይል ሲነበብ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የራሱ የኮዳክሮም ታርጌት ያስፈልገዋል፤ ፊልሙ በ2009 ከምርት ስለወጣ ግን ያ ታርጌት እንደ ልብ አይገኝም። «ለሁሉም ፊልም የሚሆን» ብሎ አንድ ስላይድ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚለውን አያውቅም፣ ወይም አውቆ ነው።

ማስታወቂያው «ለኔጌቲቭም ይሠራል» ይላል። አይሠራም። የቀለም ኔጌቲቭ ብርቱካናማ ሽፋን አለው፣ መጠኑም ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ በዚያ ላይ ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ከኔጌቲቭ ትክክለኛውን ቀለም ማውጣት ትርጓሜ ይጠይቃል፤ ፎቶው ሲነሳ የነበረውን ብርሃንና የፊልሙን ዓይነት ማወቅ፣ ከዚያም በዓይን ማስተካከል ነው። አይቲ8 የተሠራው ቀለሙ በግልጽ ለሚታይ ስላይድ ነው።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አማካይ ዴልታ ኢ ከ1 በታች» ይላል። ዴልታ ኢ በሁለት ቀለሞች መካከል ያለ ርቀት ነው፣ 1 ሲሆን በዓይን ለመለየት አፋፍ ላይ ነን፤ ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ፕሮፋይሉ በተሠራባቸው በእነዚያው ናሙናዎች ላይ ተመልሶ ከተለካ ሁልጊዜም ጥሩ ቁጥር ይወጣል፤ ተማሪውን ባጠናው ጥያቄ ፈትኖ መቶ መስጠት ነው። ይህም ቢሆን በእርግጥ የተለካ ነገር ካለ ነው። ከሌላ ገዢ ወረቀት ጋር ሳስተያየው ቁጥሩ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነበር።

በማስታወቂያው ላይ የደበዘዘ ሮዝማ ስላይድ «ከካሊብሬሽን በኋላ» አብቦ የሚታይበት ጥንድ ፎቶም አለ። ይህ ብዙ ሰው ያታለለ ይመስለኛል። በትክክል ካሊብሬት የተደረገ ስካነር የደበዘዘን ስላይድ ልክ እንደ ደበዘዘ ነው የሚያሳየው። ቀለሙን ወደ ቀድሞው መመለስ ሌላ ሥራ ነው፣ በሶፍትዌር ወይም በእጅ ይሠራል፣ ፕሮፋይል ከቶ አይገባበትም።

ካርቶኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በጨረፍታ። «22 ሜጋፒክስል» ይላል፣ ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ ሴንሰሩ 14 እንደሆነ ይናዘዛል፤ የቀረው በሶፍትዌር የተሞላ ግምት ነው። 22 የተመረጠው በከንቱ አይደለም፦ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ፍሬም በእውነተኛ 4000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ የነጥብ ብዛት) ሲነበብ 21 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ ይወጣዋል፣ የጥሩ ስካነር ቁጥር እንዲመስል ነው። «ዲማክስ 4.8» የሚለው፣ ስካነሩ ሊያነበው የሚችለው የጨለማ ጫፍ ማለት ነው፣ ደግሞ በካልኩሌተር የተገኘ ነው። 16 ቢት 65,536 ደረጃ አለው፣ የዚያ ሎጋሪዝም 4.8 ነው፤ በ12 ቢት ብታሰሉት 3.6 ይመጣል። ስካነሩ በጨለማው የስላይድ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚያይ ማንም አልለካም። ይባስ ብሎ ይህ ስካነር የሚያስቀምጠው ጄፔግ ብቻ ነው፣ በየቀለሙ 8 ቢት፣ 256 ደረጃ። በዚያ ላይ ጠንከር ያለ እርማት ስትጭኑ ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆኑ መስመሮች ይወጣሉ።

«አቧራን በኢንፍራሬድ ያጠፋል» የሚል ካያችሁ ደግሞ ከመደበኛው መብራት ሌላ የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) መብራት እንዳለው ጠይቁ። እውነተኛው ዘዴ የቀለም ማቅለሚያ ኢንፍራሬድን ሲያሳልፍ አቧራና ጭረት በመከልከላቸው ላይ የቆመ ነው፤ በብር ለተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም አይሆንም፣ ብሩ ራሱ ስለሚከለክል። ይህ ጥቅል የሚያደርገው ምስሉን ማደብዘዝ ነው።

እና ምን ይገዛ? ለቀለም የምትጨነቁ ከሆነ ስካነሩ ራሱን ሳይሆን ሶፍትዌሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቪውስካን የሚባለው የስካነር ሶፍትዌር ከአይቲ8 ታርጌት ፕሮፋይል የሚሠራው በፕሮፌሽናል እትሙ ብቻ ነው፤ በሌላው ሶፍትዌር በሲልቨርፋስት በኩል ደግሞ ፈቃዱ ለአንድ የስካነር ሞዴል ብቻ እንደሚሰጥ አትርሱ፣ ነገ ስካነር ብትቀይሩ አይከተላችሁም። «ሶፍትዌር አብሮት አለ» ማለት ካሊብሬሽን አብሮት አለ ማለት አይደለም፤ የትኛው እትም እንደሆነ በጽሑፍ ይንገሯችሁ። ያገለገለ የፊልም ስካነር የምትገዙ ከሆነ መሰኪያውን ተመልከቱ፣ ድሮ የተሠሩት አንዳንዶቹ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ በማይገኝ ገመድ ነው የሚገናኙት።

ጥሩ ካሜራና ማክሮ (በጣም ቀርቦ የሚያነሳ) ሌንስ ያለው ሰው ስካነር ላያስፈልገውም ይችላል። ከስላይዱ ጀርባ ቀለምን በታማኝነት የሚያሳይ መብራት አድርጋችሁ፣ ኤክስፖዠሩንና ዋይት ባላንሱን በእጅ ቆልፋችሁ፣ በጥሬ ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው) ብታነሱ ሁሉም ነገር ባለበት ስለሚቆም ታርጌቱ ሥራውን ይሠራል። ታርጌት የምትገዙት ያኔ ነው። በጨለማ አስቀምጡት፣ እሱም ፊልም ነውና ይደበዝዛል። የኮምፒውተራችሁ ስክሪን ራሱ ካልተስተካከለ ደግሞ ስለ ስላይዱ ቀለም ከመፍረዳችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ጥቅሉን ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ በጥቁር ወረቀቱ ፈተና የወጡትን ሁለት ፋይሎች አስቀምጡና ለሻጩ ላኩ። «ቀለሙ አላማረኝም» አትበሉ፤ እሱን «የምርጫ ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ አውቶማቲክ ኤክስፖዠሩ የት ይጠፋል? የታርጌቱ የተለካ ዋጋ ፋይል የታለ? ፕሮፋይሉ የተሠራው በየትኛው ታርጌትና በዚህ በእጄ ባለው ስካነር ላይ ነው ወይስ በሌላ? እኔ ሦስቱን ከላክሁ በኋላ የመጣልኝ መልስ ስለ ፎቶ አነሳስ የሚያስተምር አጭር ወረቀት ነበር። ያንኑ መልስ ከጥያቄዎቼ ጋር አያይዤ ክፍያውን ላስተላለፈው ድርጅት የቅሬታ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ገንዘቡ የተመለሰው በዚያ በኩል ነው።